ሌንሱ እስኪመረጥ

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ የሚመርጥና የሚያማርጥ። የሚመርጠው የፈለገውን አንስቶ ቤቱ ይገባል። የሚያማርጠው ገበያው ከተበተነ በኋላም እዚያው ቆሞ ብርቱካን ያሸታል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። በሐረር የዚህ ወገን አለቃ ፈላና በር አጠገብ ፎቶ ቤት ያላቸው አቶ ለገሠ ናቸው። እኔ በልቤ «ሊቀ ሌንስ» የሚል ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ።

ሊቀ ሌንስ ሣጥን የሚያህል ባለሦስት እግር ካሜራና ሦስት ሌንሶች አሏቸው። ሰፊው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ዳር ያለውን ግን ያንጋድዳል። ረጅሙ ፊትን እንደ ጨረቃ አሳምሮ ያወጣል፤ ግን ርቀት ይፈልጋል፣ ዳር የቆመውንም ይተዋል። አሮጌው በጥቁርና ነጭ ዘመን ንጉሥ ነበር፤ ባለቀለም ፊልም ከመጣ ወዲህ ግን ቀዩን ሁሉ ሻይ ያስመስለዋል። ሦስቱንም በነጠላ ጫፍ እየወለወሉ «ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል» ይላሉ። ለሠርጉ ፎቶ የተቀመጠ አንድ ሙሽራ የበኩር ልጁን ታቅፎ ተነሣ ይባላል።

አምና ጀጎል ውስጥ ያሉት እማማ ኸዲጃ አስጠሯቸው። ልጃቸው ቡሽራ ድሬዳዋ ልትዳር ነው። ግድግዳውን የሞላው የሌማትና የሙዳይ ስፌት ሁሉ በማግስቱ ወርዶ ከእሷ ጋር ይሄዳል። እማማ ቤቱ ሳይራቆት ልጅቷን ከነስፌቱ፣ ከነቀለሙ በፎቶ ማስቀረት ፈለጉ። ለሊቀ ሌንስ ደግሞ የቀረችው ባለቀለም ፊልም አንዲት፣ ለአንድ ፎቶ ብቻ የምትበቃ ነበረች። እኔ የካሜራውን እግር ተሸክሜ ተከተልኩ።

«እማማ፣ እርስዎም ከልጅዎ አጠገብ ይቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ለገሠ።

«እኔን ተወኝ ልጄ። አሮጊት ምን ይሠራልሃል? እሷንና ስፌቱን አንሣ፤ ወላሂ ይበቃል» ብለው እማማ ነደባ ከሚባለው ቀይ የአፈር መደብ ጥግ ኩርምት አሉ።

ሊቀ ሌንስ ረጅሙን ገጠሙ፤ ቤቱ ጠበበ። ወደ ግቢው አፈገፈጉ፤ ግቢውም ጠበበ። የግቢው በር ከቤቱ ትይዩ ነበርና ካሜራው ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሰላምታ መንፈግ ነውር ነው። ገና ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው ሲያነጣጥሩ ነጋዴው ዩሱፍ ከች አለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አቶ ለገሠ! ቤተሰብ ደህና?»

ከጨርቁ ወጡ። በጨርቅ ተሸፍኖ ሰላምታ አይመለስ ነገር! የዩሱፍን ልጆች፣ የአህያውን እግር፣ የአጎቱን ወገብ ሳይቀር ጠይቀው ተመልሰው ተከናነቡ። ጫት ሻጯ መርየም ደረሰች።

«ዛሬም እየመረጡ ነው?»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ!»

«እኔማ የት ልሄድ? ፀሐይዋን ይለምኗት!»

እኔም በሆዴ ስንኝ ቋጠርኩላቸው፦

ሲመርጥ ሲያማርጥ ጀንበር ዘቀዘቀች፣
የታጨችለት ልጅ ለሌላ ተዳረች።

በበሩ የሚገባው ብርሃን ስፌቱን ለቆ ወደ ጣሪያው መውጣት ጀመረ። ከውስጥ የቡሽራ ድምፅ መጣ። «አቶ ለገሠ፣ በአሮጌውም ይሁን፤ ብቻ ያንሱኝ!»

ሊቀ ሌንስ አንዴ ጨርቁ ሥር ገቡ፤ ካሜራውን ከቡሽራ ወደ መደቡ ጥግ፣ ከጥጉም ወደ ቡሽራ መለሱት። ሲወጡ «ቆይ» አላሉም። ካሜራውን ወደ ቤት መልሰው ሰፊውን ሌንስ ገጠሙ።

«ያንጋድዳል እኮ!» አልኳቸው።

«ያንጋድድ» አሉና አነሡ።

ፎቶው ከውጭ አገር ታጥቦ እስኪመጣ ቡሽራ ድሬዳዋ ገብታ፣ የእማማ ግድግዳ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኗል። ዳር ያሉት ስፌቶች ግን ከሠርግ ቤት እንደወጣ ሰካራም ተንጋደዋል። ከእነሱም ሥር፣ አንድ ትከሻቸው ተለጥጦ፣ እማማ ኸዲጃ አሉ። ካሜራውን አያዩም፤ ልጃቸውን ነው የሚያዩት።

እማማ አንዱን ቅጂ ባዶው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ሌላውን ዩሱፍ ለቡሽራ አደረሰላት፤ ሲመለስም መልእክት ይዞ መጣ። «ስፌቱማ እዚሁ የእኔው ግድግዳ ላይ አለ። በፎቶው የማየው እናቴን ነው በሏቸው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ሲመርጡ ነው የዋሉት?» አልኳቸው ሊቀ ሌንስን።

«ሌንስ መምረጥማ ቀላል ነው» አሉ እየወለወሉ። «ማንን ልተው?»

ባለፈው ሳምንት ለመታወቂያ የምትሆን አንዲት ጉርድ ፎቶ ልነሣ ሄድኩ። ከእኔ በቀር ማንም የማይገባባት ፎቶ ናት። ሦስቱን ሌንሶች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል።»

ወንበሩ ላይ ተመቻቸሁ።