ተዋጊ በሬ በዘር ሰሞን

ፖለቲከኛ በምርጫ ሰሞን ስሙ የከፋ ወዳጁን የማይጥለው ለምን ይመስላችኋል? ፍቅር ይዞት ነው እንዳትሉኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ለአመል ያህል ነው፤ ይህን ግን ዳባት አጠገብ፣ ከሰፈራችን ግጦሽ ላይ ተምሬዋለሁ።

ግጦሹ የወል ነበር። ደምሌ የሚባል ባለጠጋ በሽቦ አጥሮ በር ገጠመለትና ከብቶቻችን ከውጭ ቀሩ። ዘንድሮ ታዲያ አንድ የምርጫ ተወዳዳሪ ሊቀሰቅሰን በደምሌ መኪና መጣ። ደምሌም ለስብሰባው ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ተወዳዳሪው "ቦታውን የፈቀዱልንን አቶ ደምሌን እናመስግን!" አለ። በገዛ ሣራችን ላይ ተቀምጠን አጨበጨብን!

አላስችል ብሎኝ ተነሣሁ። "ልጄ፣ አንተ ደህና ሰው ትመስላለህ። ይህን መሬት ነጣቂ ለምን አትተወውም?"

"አባቴ፣ እርስዎ ገበሬ ነዎት። ተዋጊ በሬ በዘር ሰሞን ከቀንበር ይፈታል?"

"አይፈታም" አልሁ፤ "ግን የኛ በሬ የሚውለው በኛው ማሳ ነው። ያንተው የሚግጠው የኛን ነው።"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ተወዳዳሪው ደነገጠና "አቶ ደምሌን የሚያሙ ምቀኞች ናቸው!" ብሎ የወዳጁን ደግነት ይዘረዝር ጀመር። ይኸኔ የሰፈሩ ከብት በተከፈተው በር እየገባ ሣሩን ይነጨው ያዘ። ደምሌም አይቷል፤ ግን ሰው እየተመሰገነ እንዴት ተነሥቶ ከብት ያባርራል?

ተወዳዳሪው ንግግሩን ሊቋጭ ሲል እጄን አወጣሁ። "ልጄ፣ ተሳስቼ ነበር። እስቲ ስለ አቶ ደምሌ ደግነት ትንሽ ጨምርልን" አልሁት።

ላሜ ገና አልጠገበችም ነበር።