ሁለት ትክክለኛ ሰዓቶች

ሰው ሲሳሳት ቢያንስ ፊቱ ይቀላል። ኮምፒውተር ግን ሲሳሳት ቁጥር ይሰጥሃል፤ ሲብስበትም ጥፋቱን አንተው ላይ ያላክካል። «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ወረፋ ላይ የዋላችሁ ታውቁታላችሁ። እንደ እኔ በቪዲዮ ቅንብር የሚተዳደር ሰው ደግሞ ከሚስቱ ይልቅ ከሶፍትዌሩ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ሲመረው ለባለቤቶቹ በኢሜይል አቤት ይላል። እነሱም ጨዋ ናቸው። «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» ብለው ይጀምሩና፣ አጥፍተህ አብራው ብለው ይጨርሳሉ።

የእኔ አቤቱታ የመጣው በየኔታ ይሄይስ ምክንያት ነው። የኔታ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማና አቋቋም ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ባለፈው ክብረ በዓል ታቦቱ ወጥቶ ዋርካው ሥር ሲያርፍ ወረቡን መርተው ነበር፤ የቀረጽሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጉሮሯቸውን ታመሙና ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ሐኪሙም አይመለስም አለ። እንግዲህ ከዘንዘልማ እስከ እንፍራንዝ ለተበተኑት ደቀ መዛሙርት የተረፈው የየኔታ ድምፅ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። አቋቋም ደግሞ በጆሮ ብቻ አይያዝም። መቋሚያው የትኛው ቃል ላይ እንደሚወርድ፣ እግር የት ላይ እንደሚረግጥ መታየት አለበት፤ ምስልና ድምፅ ካልተገናኙ ከንቱ ነው።

አልተገናኙም።

ምስሉን በካሜራ፣ ድምፁን ደግሞ የየኔታ ደረት ላይ በሰካሁት ትንሽ መቅጃ ነበር የያዝሁት፤ የካሜራውን ድምፅ የሐይቁ ነፋስ በልቶታል። ሁለቱም መሣሪያዎች የቀረጹት ላይ ሰዓት ያትማሉ፣ ታይምኮድ ይባላል፤ ሶፍትዌሩ ያንን እያየ ምስሉን ከድምፁ ያጣምራል። ስልሳ ቁርጥራጭ ምስል ሰጠሁት። ለአንዱም የሚገጥም ድምፅ የለም አለኝ። በእጄ ሞከርሁ፤ የኔታ አፋቸውን ሲዘጉ ያዜማሉ፣ ሲከፍቱ ዝም ይላሉ። ወረብ እየተመላለሰ የሚባል ነውና የትኛው ዙር ከየትኛው ምስል እንደሚሄድ እኔ ምኑን አውቄው።

ለድጋፍ ሰጪዎቹ ጻፍሁ። «የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት ትክክል ነው?» አሉኝ። ካሜራውን አየሁ፤ ትክክል። መቅጃውን አየሁ፤ ትክክል። «ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጥፋቱ የእናንተ ነው» ብዬ መለስሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ መልስ በርበሬ ጨምሬበት ላክሁ። ሦስተኛዋ ደግሞ ምስሉና ድምፁ የአንድ ቀን ዝግጅት ስለመሆናቸው እርግጠኛ ነዎት ወይ አለችኝ። እዚያው ቆሜ የቀረጽሁትን እኔን! የዚያን ዕለት የጻፍሁላትን እዚህ አልደግመውም።

በማግስቱ የኔታ ራሳቸው ስቱዲዮዬ መጡ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፤ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ይመለሳሉ። ድምፃቸው አንዴ ለጠፋባቸው ሰው ድምፅዎ ዳግመኛ ጠፋ ብሎ መንገር እንዴት እንደሚከብድ እግዜር ያሳያችሁ። ፈርቼ ምስሉን ብቻ ከፈትሁላቸው። የኔታ ግን የሚያዩት ፊታቸውን አልነበረም፤ መሬት ላይ የወደቀውን የመቋሚያቸውን ጥላ ነበር። የቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሰዓትን ጥላውን በእግሩ ጫማ እየለካ ነው የሚያውቀው።

«ይኸ ሦስት ሰዓት ነው» አሉ በሹክሹክታ።

የካሜራውን ቁጥር አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከአምስት ይላል። አፌን ያዝሁ።

«ድምፁስ የስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከአምስት ይላል፣ የኔታ።»

«በዘጠኝ ሰዓትማ መች አዜምሁ? ታቦቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሼ ጋደም ብየ ነበር።»

«አይ የኔታ፣ ዘጠኝ ማለት እኮ በፈረንጅ...» ብዬ ጀመርሁና ቆምሁ።

እናንተ ቀድማችሁኝ ነቅታችሁ ይሆናል። የካሜራውን ሰዓት የሞላሁት በእኛ፣ የመቅጃውን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ስልካችን ዘጠኝ ሲል ሦስት ብለን ማንበብ ከልጅነታችን ስለለመድን፣ ሦስትም ሳይ ትክክል፣ ዘጠኝም ሳይ ትክክል። ባሕር ማዶ የተቀመጠ ድጋፍ ሰጪ ይህን በምን ዕዳው ይገምት? የኔታ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም ከፀሐይ የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት ፊት መቀመጥ ደስ ይላል፤ ትንሽም ያሳፍራል።

ከድምፁ ላይ ስድስት ሰዓት ቀነስሁ። ስልሳውም ቁርጥራጭ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከበሮው ሲመታ እጁ ወረደ፤ የኔታ አፋቸውን ሲከፍቱ ያ ድምፅ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት የኔታ ከንፈራቸው ከምስሉ ጋር እየተንቀሳቀሰ ያዳምጣሉ፤ ምንም አይሰማም። እኔ አልቻልሁም፤ አለቀስሁ።

አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ። «እዚህ ላይ መቋሚያየ ዘግይታለች።»

እውነትም ከከበሮው ቅንጣት ታህል ኋላ ቀርታለች። እኔ ባለሙያው ተንደርድሬ፣ «ግድ የለም የኔታ፣ ሰዓቱን ትንሽ ልጎትተውና ይገጥማል» አልሁ።

«ተወው፣ ልጄ። ሰዓቱ ትክክል ነው፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ አይተው ይማሩበት።»

ለድጋፍ ሰጪዎቹ የላክኋቸው ሦስት መልሶች ትዝ አሉኝ። የኔታን ጀልባው ድረስ ሸኝቼ ስመለስ አራተኛውን ጻፍሁ፤ አጭር ነበር። «ሰዓቱን ያሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። ስላነጋገሩን እናመሰግናለን አሉኝ፤ ለማንኛውም አጥፍቼ እንዳበራውም መከሩኝ።