ሙት ዓመት ሳይወጣ ራኬት

ባል ሲሞት ሚስት ምን ማድረግ እንዳለባት የማያውቅ ሰው በጅማ ከተማ የለም። ጥቁር ልበሺ፣ ደጅ አታብዢ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ልብሱ ለዘመድ፣ ጫማው ለድኻ እንደሚሰጥም ሁሉም ያውቃል። የቴኒስ ሰዓቱስ? እስቲ ንገሩኝ፣ እሱ ለማን ይሰጣል?

ባለቤቴ ዓለሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቴኒስ ተጫውቷል። ሜዳው አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ የማን ሰዓት የቱ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ከመልበሻው ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሕጉ አጭር ነው፤ በሰዓቱ የሚጫወት ከሌለ ስም ይሰረዛል። የሜዳው ኮሚቴ ከቀብሩ በኋላ ይሉኝታ ይዞት ስምንት ወር ታገሠ። ከዚያ አቶ ግርማ የሚባሉ የሰርቦ ቡና ነጋዴ ሰዓቱን ጠየቁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ተፈራ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ ይህንኑ ነገሩኝ።

የዓለሙ ስም ከቀበሌው መዝገብ ወጥቷል። ከመሥሪያ ቤቱም ወጥቷል። የቀረው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። እኔ እጫወታለሁ አልኳቸው።

«እርስዎ?» አሉኝ። ባርኔጣው ቆመ።

ለምን አልጫወትም? የትምህርት ቤታችን የመረብ ኳስ ቡድን አምበል የነበርኩ ሴት ነኝ! ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውስ? ዓለሙ ቴኒስ ላስተምርሽ እያለ ሲለምነኝ እምቢ ያልኩት አቅም አጥቼ ሳይሆን ንቄ ነው። ኳስ መሬት እየነካ የሚቀጥል ጨዋታ ምኑን ጨዋታ ሆነ?

አሰልጣኙ ኑረዲን ትዕግሥቱን አላህ ይቁጠርለት። በመጀመሪያው ቀን ኳሷን ቀስ አድርጎ ላካት። እኔ ደግሞ ራኬቱን ወዲያ ወርውሬ፣ ሁለት ክንዴን ገጥሜ፣ ቆንጆ አድርጌ ወደ ላይ አነሣኋት። በመረብ ኳስ አንዷ ታነሣለች፣ ሌላዋ ትመታለች፤ ልማድ ነው። ኑረዲን ኳሷን በዓይኑ ሸኝቶ፣ እትዬ፣ ለማን ነው ያነሡት ብሎ ጠየቀኝ። እውነትም ለማን ነው? ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም የለም።

ያን ቀን ትንሽ አረፍን።

ከዚያ ወዲያ ራኬቱን መያዝ ለመድኩ። ኳስ ሲወድቅ ቆሞ ማየት ግን እንዴት ይለመዳል? «ዲሲ! ዲሲ!» እያለ ይጮህብኛል ኑረዲን፣ ተዪው ማለቱ ነው በኦሮምኛ። አንዴ መሬት መንካት ተፈቅዷል፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ይላል። ለኳሷ መውደቅ ተፈቅዷል፤ ለእኔ ቆሞ ማየት ማን ፈቀደልኝ? ተወርውሬ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋሁ። ኳሷ ተረፈች፣ የሐዘን ቀሚሴ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ።

ይህን ጊዜ ነው የእድራችን እትዬ ዘነበች ባጃጅ አስቁመው በአጥሩ ያዩኝ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ትዘያለሽ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አሉኝ። እኔም፣ የቀብሩ ዕለት ደረቴን በሁለት እጄ ስደቃ «ወግ ታውቃለች» ብለው ያመሰገኑኝ እርስዎ አልነበሩም? አሁን ኳስ በአንድ እጄ ብመታ ምን አጠፋሁ? አልኳቸው። የባጃጁ ሾፌር በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ዘነበች ንዳ ብለው ተቆጡት።

ከአቶ ግርማ ጋር የምጫወትበት የቁርጡ ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ግርማ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ፣ እኔ ጥቁር በጥቁር። ለተመልካች የዳማ ጨዋታ ሳንመስል አልቀረንም። ስድስት ለባዶ ተሸነፍኩ። እውነቱን ልደብቅ? አልደብቅም። ነገር ግን ያልሮጥኩለት ኳስ የለም። አቶ ግርማ በላብ ተጠምቀው፣ እኚህ ሴትዮ ኳስ መሬት ሲነካ ያማቸዋል እንዴ ብለው ለአቶ ተፈራ ስሞታ አሰሙ።

ሕጉ የሚጫወት ይላል እንጂ የሚያሸንፍ አይልም አልኩ። አቶ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። እውነትዎን ነው፣ ሰዓቱ የእርስዎ ነው አሉ። እፎይ ልል ስል ብዕራቸውን አወጡ። እንግዲህ ተጫዋቿ እርስዎ ስለሆኑ የአቶ ዓለሙን ስም ሰርዤ የእርስዎን ልጻፍ አሉኝ።

ጉልበቴን የላጥኩት ለዚህ ነው? በቴኒስ ሁለት ሰው በአንድ ወገን ሆኖ አይጫወትም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ኳስ ሲመጣ «ያንተ ነው!» እየተባባለ ይጫወታል አሉ። እንግዲያው የእሱን ሳይነኩ ከሥሩ ይጻፉኝ፣ ጥንድ ነን አልኳቸው። አቶ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወደ መሬት አዩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሳቸው እኮ ለኳስ አይሮጡም አሉ በቀስታ።

«ቤት ውስጥስ መቼ ሮጦ ያውቃል?» አልኳቸው። «በር ሲንኳኳ፣ ወተት ሲገነፍል፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ‹ያንቺ ነው!› ብሎ መጮህ ነበር ሥራው። ይጻፉ ግድ የለም፣ አጨዋወቱን ለምጄዋለሁ።»