የሐጂ ሸምሱ ምንጣፍ

ዕውቀት ሲፈልጉት የሚደበቅ፣ ሳይፈልጉት ግን ቀድሞ የሚዘል ጉድ ነው። እኔ ወልቂጤ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ ስናገር ግን አንድም ተማሪ ከእንቅልፉ ማንቃት ችዬ አላውቅም።

ታዲያ ኸድጃን ለማግባት ቡታጅራ ሽማግሌ ላክሁ። በወጉ ቤቴ ቁጭ ብዬ መልስ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አባቷ ሐጂ ሸምሱ ግን የምንጣፍ ነጋዴ አይደሉ? ሳይዳስሱ ምን ይቀበላሉ! መምህሩን ራሱን አምጡልኝ አሉ።

ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ። ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር አዲስ የናይለን ምንጣፍ ለብሷል። ወሎዬ ነኝና አደቤን ላሳይ አንገቴን ደፍቼ፣ በጥጥ ካልሲ እግሬን እየጎተትኩ ተጠጋሁ። በደረቅ በጋ እንዲህ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚሰበስብ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብዬ ሁለት እጄን ስዘረጋ፣ ጣቶቻችን ሳይገናኙ ጧ! አለ። ሐጂ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ከመቀመጫቸው ዘለሉ። የገዛ ሽማግሌዎቼ ሳይቀሩ ከእኔ ፈቀቅ አሉ። ጂን ላለበት ሰው ማን ልጁን ይሰጣል? ኸድጃ ከእጄ ስትወጣ ታየኝ።

ያኔ የማስተማር አባዜዬ ተነሣብኝ። ጂን ሳይሆን ኤሌክትሮን ነው አልኳቸው፤ ካልሲዬ ከምንጣፉ ጋር ሲፋተግ ኤሌክትሮኖቹ ወደ እኔ ተሻገሩ። እነዚህን እርስ በርስ የማይዋደዱ ነገሮች በግድ አንድ ላይ ማጨቅ ደግሞ ጆንያ ተሸክሞ የአረቅጥን ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ የደከሙበት ጉልበት አይጠፋም፣ ተጠራቅሞ ይቆይና መውረጃ ሲያገኝ ተንደርድሮ ይወርዳል። መውረጃው የእርስዎ ጣት ሆነ እንጂ ክፋት የለበትም ብዬ ደመደምኩ።

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ በካልሲያቸው ምንጣፉን አንድ ዙር ፈተጉና የሽማግሌዎቼን መሪ አፍንጫ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ጧ! ሰውዬው ሲጮኽ ሐጂ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ ላይ ጂን ከሌለ መምህሩም ላይ የለም» ብለው ፈረዱ። ኸድጃን ሰጡኝ፤ ምንጣፉንም መረቁልኝ።

ለካስ ኸድጃ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበር። እስከ ዛሬ እንቅልፍ ሳይወስዳት ትምህርቴን የጨረሰች ተማሪ እሷ ብቻ ናት። አሁን አምሽቼ ቤት ስገባ አትነዘንዘኝም፣ አታኮርፈኝም። ካልሲዋን አጥልቃ፣ ምንጣፉ ላይ እግሯን እየጎተተች፣ ፈገግ ብላ ጆሮዬን ልትነካ ትመጣለች።