ጸጉሬን በግማሽ የተኮስኩበት የቅዳሜ መብራት

ሰዎች፣ ዛሬ ልጄ አዋረደችኝ! በገዛ ቤቴ!

"እማ፣ ሦስት አምፖል አብርተሽ ስልክ ታያለሽ?" ብላ ቀጭ ቀጭ አጥፍታብኝ ሄደች።

ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? ስንት ዓመት አፍኜ የያዝኩት ጉድ!

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ነቀምት። እኔ ተማሪ ነኝ። መብራታችን የሚመጣው ከአንድ ጄነሬተር ነው፤ ሲመሽ ሁሉም ሲያበራ እሱ ያቃስታል። ታች ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር ምሰሶ ቆሞ ገመድ ተዘርግቷል፤ መብራት ግን የለም። ጉልበቱ አይበቃማ!

አንድ ቀን የመብራት ቴክኒሺያኑ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሳ። "አዲስ ሞተር አያስፈልገንም። ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ትርፍ አምፖልና የኤሌክትሪክ ፎርኔሎ ብታጠፉ፣ የተረፈው ለታች ሰፈር ይበቃል። ቅዳሜ እንሞክራለን። ጄነሬተሩ ከቻለው መስመሩ ይቀጥላል፤ ካልቻለው ይቆረጣል" አለ።

ታች ሰፈር አዴ ጫልቱ አሉ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ። በኩራዝ እየሰፉ ዓይናቸው አለቀ። ክር በመርፌ የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መብራት ቢመጣ እኮ አንቺን አላስቸግርም ነበር" ይሉኛል።

እኔ ደግሞ በቁሜ ማለም እወዳለሁ። ሲመሻሽ ከደጃችን ቁልቁል እያየሁ፣ ያ ጭጋግ የዋጠው ሰፈር አንድ በአንድ ቢጫ ሲሆን፣ የአዴ ጫልቱ መስኮት ከሁሉ ቀድሞ ሲበራ ይታየኛል። መሀሉ ላይ እኔ ቆሜ ንግግር አደርጋለሁ። (አዎ፣ ሕልሜም ውስጥ ማይክ አለ!)

ደግሞም የቅዳሜው ቅስቀሳ ተናጋሪ ሆኜ ተመረጥኩላችሁ! "አንድ አምፖል ማጥፋት አንድ ቤት ማብራት ነው!" የምትለዋ መፈክር የኔ ድርሰት ናት።

ቅዳሜ መሸ። ሕዝቡ ታች ሰፈር ተሰብስቧል። እኔስ? ቤት ጸጉሬን እተኩሳለሁ።

በምን? ፎርኔሎ ላይ በጋለ ማበጠሪያ!

ታዲያ በተንጨባረረ ጸጉር ሕዝብ ፊት ይቆማል? "የኔ አንዲት ፎርኔሎ ምን ታመጣለች" አልኩ።

ግማሹን እንደጨረስኩ፣ ድርግም!

ከተማው በሙሉ።

እየሮጥኩ ወረድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር "ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ማነው?" እያለ ይጮሃል። ያኔ ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም፤ ሰው ያሳስር ነበር። ባትሪውን በየሰዉ ፊት ሲያዞር እኔ ላይ ደረሰና ቆመ።

በቀኝ ለጥ ያለ። በግራ ጫካ። ያረረ ጸጉር ሽታው ሳይቀር!

ከሊቀመንበሩ ይልቅ ግን አዴ ጫልቱን ማየት አቃተኝ፤ የበደልኩት እሳቸውን ነዋ።

እሳቸው ቀረብ ብለው ጸጉሬን ዳበሱት። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይተዋት። ግማሹንማ ቆጥባለች!"

ሳቁን ብትሰሙት! ሊቀመንበሩ ራሱ አልቻለም። ቴክኒሺያኑም "በሉ፣ ሌሎቻችሁም የለኮሳችሁትን ሄዳችሁ አጥፉ" ሲል ስንቱ ወደ ቤቱ እንደሮጠ! ለካ ሁሉም "የኔ አንዲት" ብሎ ነው የመጣው።

ሞተሩ እንደገና ተነሳ። እስከ አንድ ሰዓት ቻለ። እስከ ሁለትም ቻለ። ሦስት ሰዓት ሲሆን መስኮቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ቢጫ፣ በጭጋጉ መሀል፣ ልክ እንዳለምኩት። አዴ ጫልቱ ክሩን ራሳቸው አስገቡ፤ ያለእኔ። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ደግሞ ከፋኝ።

ንግግሬን ማንም አልጠየቀኝም።

እና ዛሬ ይሄን ታሪክ ለልጄ ልነግራት ብዬ በጨለማ እየዳበስኩ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። አምፖል አጥፊዋ ልጄ መስታወት ፊት ቆማለች፤ እጇ ላይ የጋለ የጸጉር መተኮሻ፣ ግማሹን ጨርሳለች።

አሁን ይቺ ልጅ በማን ወጣች ትላላችሁ?