ወደ ኋላ በሉ!

ልጆቹን ሽርሽር ወስዶ በስልኩ ብቻ የሚያያቸው አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አግብቼዋለሁ።

በፋሲካ ማግስት ከእንጅባራ ዘንገና ሐይቅ ሄድን። ባሌ ሁለቱን ልጆቻችንን ከሐይቁ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ አቁሞ ስልኩን ደቀነ።

«ትንሽ ወደ ኋላ በሉ! አሁንም ትንሽ!»

የአራት ዓመቷ ልጃችን ታዛዥ ናት። አንድ እርምጃ ስትጨምር አፈሩ ከዳትና ተንሸራተተች። እኔ ጮህኩ። እሱ ስልኩን ወርውሮ በደረቱ ተደፋና ቀሚሷን ጨበጠ። ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ሮጠው መጥተው እግሩን ያዙና ሁለቱንም ጎተቷቸው።

«ልጄ፣ ቆመው ሳሉ አይታዩህም ነበር?» አሉት።

ባሌ ልጅቷን አቅፎ እስከ አስፋልቱ ወጣ። ሐይቁ ዳር ስላየቻቸው ጦጣዎች ስታወራለት፣ መንገዱን ትቶ ፊቷን ያያል።