የቀሚሴ ጀርባ ነጭ ነው

ቤተሰብ! ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ እኔው ልንገራችሁ።

መድረሱ አይቀርም። አንዲት ልጅ ከፊት ቆማ በስልኳ ስትቀርጽ አይቻታለሁ።

ይሄን የምጽፈው ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ ቁስቋም ድረስ በእግሬ ወጣሁ፣ ደጇን ተሳለምኩ፣ ተመልሼ ወረድኩ፣ አሁንም መቀመጥ አልቻልኩም። ቀሚሱንም አላወለቅኩትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እሺ፣ ከመጀመሪያው።

ታውቁኛላችሁ አይደል? «ብራችሁ ልባችሁ ወዳለበት ይሂድ» የምላችሁ ልጅ ነኝ። ዳቦውን ከሰፈር፣ ጫማውን ከሰፈር፣ ሸማውን ከሸማኔው ግዙ እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ፍሪጄ ላይ እንኳን «ከመግዛትሽ በፊት፦ ማን ሠራው?» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ።

ወረቀቱ ለጌጥ ኖሯል!

ብዙ ሰው ያየልኝ ቪዲዮ ደግሞ ትዝ ይላችኋል፤ የእጅ ሥራን ከፕሪንት እንዴት እንደምትለዩ ያሳየሁበት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጠርዙን መገልበጥ። በእጅ የተሸመነ ጥለት ከጀርባውም ክሩ ይታያል። ፕሪንት ከሆነ ጀርባው ነጭ ነው። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም!

ይሄን ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማኔ። ከኛ ግቢ ሆናችሁ የመወርወሪያቸው ድምፅ ይሰማችኋል፤ ያደግኩት እሱን እየሰማሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጠሩኝ። የሰፈሩ ሸማኔዎች ተሰባስበው ለበዓል ትንሽ ባዛር ሊከፍቱ ነው። «አንቺን ሰው ይሰማሻል፤ መጥተሽ ሁለት ቃል ተናገሪልን» አሉኝ።

እኔ! በማይክ!

ደስ ብሎኝ ወዲያው ቀሚስ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኳቸው። «ሦስት ሳምንት ይፈጃል የኔ ልጅ። ለቅዳሜ አይደርስም» አሉ። «ግድ የለም ጋሼ፣ የድሮዬን እለብሳለሁ፤ የርስዎው ሥራ አይደል?» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

እስከ ረቡዕ ምሳ ሰዓት።

ረቡዕ ምሳ ላይ ስልኬን ስነካካ አንዷ ላይቭ ገብታ ቀሚስ ትሸጣለች። አረንጓዴ ጥለት፣ መሃሉ ላይ ወርቃማ መስቀል፣ እስከ እግር ድረስ። «ሁለት ብቻ ቀረ እህቶቼ! ዴሊቨሪ በነፃ!» ፕሪንት መሆኑን አውቄያለሁ። እንዴት አላውቅም? ታዲያ ለራሴ ምን አልኩት መሰላችሁ?

«ካሜራ ላይ ማን ይለየዋል?»

ሞተረኛው መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ሲደርስ ሻይዬን ገና አልጨረስኩም ነበር። ርካሽ ስለነበረ ብር ተረፈኝ፤ በተረፈው ጥፍሬን ተሠራሁ። ስለ ሥራ ክብር ለመናገር ጥፍር ያስፈልጋላ!

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ድንኳኑ ሞልቷል። ለበዓል የሚገዙ እናቶች፣ ሊጋቡ ያሉ ጥንዶች፣ ከኋላ ደግሞ ሸማኔዎቹ በሙሉ ቆመዋል። ጋሽ ወንድሙ ኮት ለብሰዋል። እሳቸውን በኮት አይቻቸው አላውቅም።

ማይኩን ቀድመው ያዙና እኔን ማስተዋወቅ ጀመሩ። «ዘንድሮ ሥራውን ልተወው ነበር» አሉ። «ሸጎሌ አዲስ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ልቀጠር ተነጋግሬ ጨርሼ ነበር። ደሞዙ ቋሚ ነው። በኋላ ልጄ የዚችን ልጅ ቪዲዮ አሳየችኝ። ለካ የሚፈልገን ሰው አለ አልኩና ጥበቃውን ተውኩት።»

ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር! ማንም አልነገረኝም! አንገቴን ያሳክከኝ ጀመር። ለነገሩ ቀሚሱም ናይለን ነው።

እዚህ ጋ አሞኛል ብዬ መውረድ እችል ነበር። አልወረድኩም። ጭብጨባ እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ?

ተናገርኩ። አቤት ስናገር! ስለ ሰፈር፣ ስለ ላብ፣ ሰው ብሩን ለሚያምንበት ነገር ማውጣት እንዳለበት። ሞቅ ሲለኝ ደግሞ ጮህኩ፦ «አትታለሉ! ጠርዙን ገልብጡት! ጀርባው ነጭ ከሆነ ጥላችሁት ሂዱ!»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። እኔ ግን እያራቅኩት ነበር።

ጋሽ ወንድሙ አጠገቤ ነበሩ። ሊያግዙኝ ብለው ነው፣ በኩራት። «እስቲ በራሷ ቀሚስ እናሳያችሁ» ብለው ጎንበስ አሉና ጠርዜን ገለበጡት።

ነጭ!

አንድ ክር የለም።

ከኋላ አንዱ ሸማኔ ሊስቅ ጀምሮ ሳቁን ዋጠው። የምትቀርጸው ልጅ ስልክ ጠጋ አለ።

ቢቆጡኝ እኮ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጠርዙን መልሰው አወረዱት፤ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው አስተካከሉት። ከዚያ «እ... ለማሳየት እንኳን ይሄኛው ይሻላል» አሉና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ነጠላ አነሱ። ገልብጠው ለሰዉ አሳዩት። ሲጨርሱ እኔን አለበሱኝ። ለካ ከመጀመሪያውም ለእኔ ስጦታ የሠሩት ነው! ቀሚሱ ስላልደረሰልኝ በትርፍ ሰዓታቸው ሸምነውልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ሰዉ ሲበተን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጊዜ አጥሮኝ ነው፣ እርስዎም ሥራ በዝቶብዎት ነበር፣ ምናምን፣ ምናምን።

«ግድ የለም የኔ ልጅ» አሉ። «እጅ ሲያጥር ሰው ያገኘውን ይገዛል።»

እጄ አላጠረም ነበር። ጥፍሬን በነጠላው ጫፍ ሸፈንኩት።

ልሄድ ስል ጠሩኝ። ለማሸማቀቅ አልነበረም፤ ከልባቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የጠየቁኝ።

«እንዲያው ግን... ያ የሸጎሌው ጥበቃ እስካሁን ሰው ተቀጥሮበት ይሆን?»

ለዚህ ነው ቁስቋም ድረስ የሄድኩት።

አሁን ቤት ነኝ። የፍሪጁን ወረቀት ገነጠልኩት፣ መልሼ ለጠፍኩት፣ እንደገና ገነጠልኩት። ሰኞ ሄጄ ቀሚሱን አዝዛለሁ፤ ሦስት ሳምንቱንም እጠብቃለሁ፣ ቪዲዮም አልቀርጽም። ይሄ ቁርጥ ነው። ይሄም ግን አላስቀመጠኝም።

ምክንያቱም መስኮቱን ከፍቼ የመወርወሪያውን ድምፅ እየጠበቅኩ ነው፤ እስካሁን አልተሰማም። በዚህ ሰዓት ይሠሩ እንደነበር ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም። አስቡት፣ ሸማኔን አክብሩ እያልኩ ስጮህ የኖርኩት ልጅ፣ ጎረቤቴ ሸማኔ መቼ እንደሚሠሩ አላውቅም!

የሽሮ ሜዳ ልጆች፣ በማርያም አንድ ነገር ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሸማኔ ቅዳሜ ከሰዓት አይሠራም፣ አይደል?

አይሠራም በሉኝ።